“የክረምት ጎማ” ሲባል የማን ክረምት ነው?

በሀዋሳ ከተማ የዝናቡ ወቅት ሲቃረብ ከሚሟሟቁት ገበያዎች አንዱ የጎማ ገበያ ነው። በጋውን ጥርሱ ባለቀ ጎማ ሲነዳ የከረመ ባለመኪና፣ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን ሲያረጥበው ፍሬኑ እንደ ወትሮው አልታዘዝ ይለዋል። ያን ጊዜ ወደ ጎማ ቤት ይሄዳል። እዚያም ደላላው አንድ ያገለገለ፣ ጥርሱ ግን ገና ጥልቅ የሆነ ጎማ እያንከባለለ ያቀርብለታል። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ የክረምት ጎማ ነው። የአውሮፓ ዕቃ ነው። ጥርሱን ይዩት!” ይለዋል። ገዥው ጥርሱን ያያል፤ በጣቱም ይለካል። ዋጋው ከአዲሱ ከግማሽ በታች ነው። ክረምቱም ደርሷል። ታዲያ ምን ይጠብቃል?

ደላላው አልዋሸም። ጎማው በእርግጥ የክረምት ጎማ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን የማን ክረምት የሚለው ነው።

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጎርፍና ጭቃ ማለታችን ነው። ጎማው ተሠርቶ የተሸጠበት አገር ሰው ደግሞ በራሱ ቋንቋ ያንኑ ወቅት ሲጠራ መንገድ ላይ የተጋገረ በረዶና ከዜሮ በታች የወረደ ብርድ ማለቱ ነው። ሁለቱን ወቅቶች የምንጠራበት ቃል አንድ በመሆኑ ሁለት ጠባያቸው የማይገናኝ ዕቃዎች በአንድ ስም ይሸጣሉ። በስቶክሆልም ወይም በካልጋሪ የሚኖር ወንድም ስልክ ደውሎ “ክረምት ሲገባ ጎማ ቀይር” ብሎ ሲመክርም ሀዋሳ ያለው ወንድሙ ምክሩን ቃል በቃል ሊወስደው ይችላል። ጉዳዩ የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን ገንዘብም ሕይወትም አለበት።

የበረዶ ጎማ ሥራው ምንድን ነው?

የጎማ ላስቲክ እንደ ቅቤ ነው ቢባል ብዙም አልተሳሳተም። ሲበርደው ይደርቃል፣ ሲሞቀው ይለሰልሳል። ተራው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል። የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ከመንገዱ ጋር ተጣብቆ መያዝ ስለማይችል መኪናው ይንሸራተታል። ስለዚህ የብርድ አገር ጎማ አምራቾች በብርድ ጊዜ እንኳ እንደ ለሰለሰ የሚቆይ ልዩ ቅንብር ይጠቀማሉ።

ሁለተኛው ልዩነት ከጥርሱ ላይ ነው። የበረዶ ጎማ ጥርስ ጥልቅ ከመሆኑም በላይ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ በቀጭን ቢላ የተተለተለ የሚመስል ብዙ ጭረት አለው። ጭረቶቹ በረዶውን ይነክሳሉ፤ በጥርሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ የሚቀረው በረዶም መንገድ ላይ ያለውን በረዶ ይይዛል። በረዶን ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚይዘው በረዶ ራሱ ነውና።

ይህን ጎማ ለገበያ በማቅረብ ቀዳሚ የሆኑት ፊንላንዳውያን ናቸው። ዛሬ ኖኪያን በመባል የሚታወቀው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1934 ለጭነት መኪና፣ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና የበረዶ ጎማ አውጥቷል። ዛሬ በብርድ አገሮች ጉዳዩ በሕግ የተደነገገ ነው። በስዊድን መንገዱ በረዷማ እስከሆነ ድረስ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የበረዶ ጎማ ማሰር ግዴታ ሲሆን፣ የጥርሱ ጥልቀትም ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። በካናዳዋ ኩቤክ ግዛት ግዴታው ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ነው።

ሕጉ ለምን እንደጠነከረ ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪ.ሜ. እየሄደ ፍሬን ቢይዝ፣ ጎማው መንገዱን በደንብ በሚይዝበት ደረቅ አስፋልት ላይ (የሰበቃ መጠኑ 0.7 ቢሆን) በ20 ሜትር ገደማ ይቆማል። በረጠበ አስፋልት ላይ፣ ጥርሱ ሳስቶ የሰበቃ መጠኑ ወደ 0.4 ቢወርድ፣ 35 ሜትር ያስፈልገዋል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ መጠኑ 0.2 ቢሆን ደግሞ ወደ 71 ሜትር ይደርሳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ የሚያልፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ለአንድ ሰከንድ ቢዘገይ ብቻ 17 ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። የበረዶ ጎማ የሚያሳጥረው ያንን የመጨረሻውን፣ የ71 ሜትሩን ርቀት ነው።

በሀዋሳ አስፋልት ላይ ሲውል

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋው የቀን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ በዝናቡ ወራት እንኳ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ፀሐይ የመታው አስፋልት ደግሞ ከአየሩ በእጅጉ ይበልጥ ይሞቃል። በሲዳማ ከፍታዎች፣ ለምሳሌ ወደ ሀገረ ሰላም ሲወጣ፣ ብርዱ ቢጠነክርም መንገድ ላይ በረዶ አይጋገርም። ከሀዋሳ የተነሳ ሾፌር የበረዶ ብናኝ ወይም ውርጭ ከመንገድ ላይ ሊገጥመው የሚችለው ምናልባት በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጎ ባሌ ገብቶ፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደውንና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚያልፈውን የሳነቲ አምባ መንገድ ሲያቋርጥ ነው። ለዚያች አጋጣሚ ሲባል ዓመቱን ሙሉ የበረዶ ጎማ ማሰር ለአንድ የሠርግ ቀን ብሎ ዓመቱን ሙሉ ካባ ለብሶ እንደመዋል ይቆጠራል።

የበረዶ ጎማ በሙቅ አስፋልት ላይ ሲውል ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ለብርድ ተብሎ የለሰለሰው ላስቲክ ሙቀት ሲጨመርበት ከልክ በላይ ስለሚለሰልስ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ረጅምና የተተለተለ ጥርስ በፍሬን ጊዜ ወዲያና ወዲህ ስለሚወላገድ፣ መኪናው በደረቁም ሆነ በሞቃት ዝናብ ከተራው ጎማ ዘግይቶ ይቆማል። መሪውም እንደ ወትሮው ፈጥኖ አይታዘዝም። ሦስተኛ፣ ጎማው በራሱ እንቅስቃሴ ይበልጥ ይሞቃል። ጭነት ሲበዛ፣ ነፋሱ ሲጎድልና ፍጥነት ሲጨመር ሙቀቱ ጎማውን እስከማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ከሞጆ እስከ ባቱ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ እኩለ ቀን በሙሉ ጭነት ለሚበር መኪና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በመሆኑም ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ የተገዛው “የክረምት ጎማ” ገዥው በፈራው ዝናብ ላይ ከሚተካው ጎማ የባሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እንዴት እዚህ ደረሰ?

የበረዶ ጎማ በብዛት የሚደርሰን ሌላ ዕቃ ላይ ተለጥፎ ነው። ለረጅም ዓመታት ወደ አገራችን ከገቡት ያገለገሉ መኪኖች መካከል ከአውሮፓ የመጡ ነበሩባቸው። በብርድ ወራት የተሸጠ መኪና ደግሞ ያን ጊዜ ያሰረውን ጎማ እንዳሰረ መርከብ ላይ ይጫናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ነባሮቹ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ከነጎማቸው ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ከውጭ የሚመጣውን አዲስ ጎማ ዋጋ ወደ ላይ ስለገፋው፣ ያገለገለ ጎማ የሚፈልግ ሰው እንዲበረክት ገፋፍቷል።

የአገር ውስጥ ምርት የለም ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው አዲስ ጎማ ፋብሪካ በኋላ ማታዶር አዲስ፣ ከዚያም ሆራይዘን አዲስ በሚሉ ስሞች ሲያመርት ኖሯል። ሆኖም የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ራሱ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ በመሆኑ የገበያውን ጥማት ብቻውን ሊያረካ አይችልም።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የሚያውቁት አንድ ጽሑፍ ይታወሳል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለ “ሎሚ” ገበያ ጽፏል። በአሜሪካኖች አነጋገር ሎሚ ማለት ላዩ ያማረ ውስጡ የተበላሸ መኪና ነው። ሻጩ የዕቃውን ጠባይ ሲያውቅ ገዥው ካላወቀ፣ ገዥው ለመልካሙም ለመጥፎውም አንድ አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። የመልካም ዕቃ ባለቤት በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ያገለገለ ጎማ ገበያ ከዚህ ሥዕል ጋር በጣም ይመሳሰላል። ልዩነቱ አንድ ነው። ጎማ ምሥጢሩን በጎኑ ላይ ጽፎ ይዞራል። ማንበብ ለሚችል ሰው ከጎማ ይልቅ ሐቀኛ ዕቃ የለም።

ከጎማው ጎን ምን ይነበባል?

ምልክቱ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ይዞ ከታየ፣ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። በገበያችን “የክረምት” የሚባለው አብዛኛው ይህ ነው። ከዚህ የተለየው “ኤም ፕላስ ኤስ” የሚለው ጽሑፍ ነው። ትርጉሙ ጭቃና በረዶ ማለት ሲሆን፣ አምራቹ የጥርሱን አቀራረጽ ብቻ አይቶ ያለ ፈተና የሚጽፈው ነው። በብዙ የፒካፕና የላንድክሩዘር ጎማዎች ላይ ስለሚገኝ ብቻውን ሲታይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለገጠር ጭቃ የሚሆን ጎማም ሊሆን ይችላል። ጀርመን ግን ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ይህን ጽሑፍ ብቻ የያዘ ጎማ ለበረዶ በቂ ነው ብላ አትቀበልም፤ የተራራውን ምልክት ትጠይቃለች። ተራራው ካለ የብርድ አገር ዕቃ ነው ብሎ መጠርጠር፣ ጣትንም በጥርሱ ላይ አሳልፎ ጭረቶቹን ማየት ይበቃል።

የተሠራበት ጊዜ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “ዲ.ኦ.ቲ.” ከሚሉት ፊደላት በሚጀምረው ረድፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ለምሳሌ 3417 ቢል በ17 ዓመተ ምሕረት፣ በ34ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በየትኛው አቆጣጠር? በአውሮፓውያን ነው። ገዥው በልቡ 2017 ዓ.ም. ብሎ ቢያነበው ጎማው ገና ትኩስ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። በአንድ የንባብ ስህተት ስምንት ዓመት ይጠፋል። ጎማ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። በርካታ መኪና አምራቾች ከ6 ዓመት በኋላ ጎማ እንዲመረመር ወይም እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ 10 ዓመት የሞላው ጥርሱ ቢኖርም እንኳ ከአገልግሎት መውጣት አለበት የሚሉ ብዙ ናቸው። በጎኑ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ካለ ዓመቱን መጠየቅም አያስፈልግም።

መጠኑና የመሸከም አቅሙ። 195/65 አር 15 የሚል ጎማ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ የቸርኬው መጠን 15 ኢንች ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥርና ፊደል፣ ለምሳሌ 91 ኤች፣ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። 91 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ኤች ማለት እስከ 210 ኪ.ሜ. በሰዓት ይችላል ማለት ነው። አንዳንድ የበረዶ ጎማ ኪው የሚል ፊደል ይይዛል፤ ይህም 160 ኪ.ሜ. ነው። የመሸከም አቅሙ ከመኪናው ሰነድ በታች የሆነ ጎማ በየትኛውም ዋጋ ርካሽ አይደለም። በቅርቡ በከተማችን እየበረከቱ ለመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ይህ ቁጥር ይበልጥ ያስፈልጋል። ባትሪው መኪናውን ያከብደዋልና።

የመበላት ቁጥሩ። ለአሜሪካ ገበያ የሚወጡ የቤት መኪና ጎማዎች የመበላት፣ ውኃ ላይ የመያዝና ሙቀት የመቋቋም ደረጃ በጎናቸው ይታተምባቸዋል። ሙቀት የመቋቋም ደረጃው ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ነው፤ ለቆላ መንገድ ኤ ይመረጣል። ጥልቅ ጥርስ ያላቸው የበረዶ ጎማዎች ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ስለሆኑ ቁጥሩ አይገኝባቸውም። የቁጥሩ አለመኖር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከተራራው ምልክት ጋር ሲገጣጠም ግን ይናገራል።

ለእኛ ክረምት የሚሆነው

የሀዋሳና የአካባቢዋ ጠላት ውኃና ጭቃ ነው። ከተማዋ በዓመት ከ900 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል። ስለዚህ ጎማው መጀመሪያ ውኃን ከሥሩ መግፋት አለበት። ይህን የሚሠሩት ዙሪያውን የሚሄዱት ሰፋፊ ቦዮች ናቸው። ውኃው መውጫ ሲያጣ ጎማው መንገዱን ለቆ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም ጌጥ ነው።

ቦዮቹ ባለቁ ጎማ ላይ ይህ የሚጀምርበት ፍጥነት ከጎማው ንፋስ ጋር እንደሚያያዝ የአሜሪካ የሕዋ ድርጅት ናሳ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ለአውሮፕላን ጎማ ባደረጉት ምርምር አሳይተዋል። በእነሱ ቀመር ሲሰላ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ያለው ጎማ በውኃ በተሸፈነ መንገድ ላይ በሰዓት 94 ኪ.ሜ. አካባቢ ሲደርስ መንሳፈፍ ይጀምራል። ንፋሱ ወደ 20 ቢወርድ ፍጥነቱ ወደ 75 ኪ.ሜ. ዝቅ ይላል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪ.ሜ. ለሚጓዝ ሰው 75 ኪ.ሜ. በሰዓት ተራ ፍጥነት ነው። ጎሚስታ ዘንድ ጎራ ብሎ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን መለካት ከሁሉም ርካሹ ኢንሹራንስ ይህ በመሆኑ ነው።

አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በቦዮቹ ወለል ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል፤ በአውሮፓ ሕግ የመጨረሻው ወሰን ይህ ነው። ለዝናብ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ጀምሮ መቀየርን ማሰብ ይሻላል። ሊሾ የሆነ ጎማ በበጋ ቢታገስም በሐምሌ አይታገስም።

ምርጫው እንደ መንገዱ ይለያያል። ውሎው በከተማው ውስጥ፣ ከሐይቅ ዳር እስከ መናኸሪያ በአስፋልትና በኮብልስቶን ለሆነ፣ እንዲሁም ወደ ሻሸመኔና አዲስ አበባ ለሚመላለስ የቤት መኪና፣ ሰፋፊ የውኃ ቦይ ያለው ተራ ጎማ በቂ ነው። የረጠበ ኮብልስቶን የሚያዳልጥ በመሆኑ ለባጃጅ ባለቤቶችም ምክሩ አንድ ነው። ባለ 4.00-8 ትንሿ ጎማ ቶሎ ትሾላለች፤ ሦስቱም እግሮች ጥርስ ይኑራቸው። ወደ ዲላ በአስፋልት ወርዶ ወደ ገጠር ለሚገባ፣ ወይም ወደ በንሳና አርቤጎና ቡና ሊገዛ በቀይ አፈር ላይ ለሚወጣ ፒካፕ፣ ትልልቅና ተራራቅ ያሉ ጥርሶች ያሉት ጎማ ያስፈልጋል። የቀይ አፈር ጭቃ በተጠጋጋ ጥርስ መካከል ተለጥፎ ጎማውን ሊሾ ያደርገዋልና። የበረዶ ጎማ ቀጫጭን ጭረቶች እዚያ ምንም አይረዱም፤ በጭቃ ይደፈናሉ።

ለአይሱዙና መሰል የጭነት መኪኖች የተለመደው መንገድ ተፈትኗል። ለመሪ ፊት ለፊት ረጃጅም ቦይ ያለው፣ ለመግፊያ ከኋላ ሸንተረረ ጥርስ ያለው ይታሰራል። ከኋላ ጥንድ ሆነው የሚታሰሩት ግን ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት። አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነ ሸክሙን ረጅሙ ብቻውን ይሸከምና ይሞቃል፤ አጭሩ ደግሞ እየተጎተተ ያልቃል።

አንድ ልማድም መታረም አለበት። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ፊት ያስራል። ለቤት መኪና ጎማ አምራቾች የሚመክሩት ተቃራኒውን ነው። የፊቱ ቢንሸራተት ሾፌሩ ይሰማዋል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። የኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ እስኪገለበጥ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የተሻለው ጎማ ኋላ ይሁን።

የኪሎ ሜትር ሂሳብ

ጎማ የሚገዛው በብር ቢሆንም የሚበላው በኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ ዋጋ ባይሆኑም፣ ያገለገለው የበረዶ ጎማ 5,000 ብር ተገዝቶ 15,000 ኪ.ሜ. ቢያገለግል፣ ለአየሩ የሚስማማው አዲስ ጎማ ደግሞ 12,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ኪ.ሜ. ቢሄድ እንበል። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 33 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 24 ሳንቲም ይበላል። መኪናው 50,000 ኪ.ሜ. ሲሄድ በአራቱ እግሮች የበረዶ ጎማው 66,667 ብር ገደማ፣ አዲሱ 48,000 ብር ያስወጣል። የጎሚስታው የእጅ ዋጋና ታክሲው ሥራ ፈትቶ የቆመበት ሰዓት አልተጨመረም። በዚህ ምሳሌ ያገለገለው እንዲያዋጣ ቢያንስ 21,000 ኪ.ሜ. ያህል መሄድ ነበረበት።

ለማንኛውም ያገለገለ ጎማ የሚሠራ ቀላል የዋጋ መለኪያም አለ። ለዝናብ መቀየሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ብንል፣ የአዲሱ ጎማ ጥቅም ላይ የሚውለው ጥርስ ከ8 ሚሊ ሜትር ላይ 5 ነው። ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትር የቀረው ያገለገለ ጎማ የሚሸጥልን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህም የአዲሱ 40 በመቶ ነው። እንግዲህ ዕድሜው ወጣት፣ ላስቲኩም ተስማሚ ቢሆን እንኳ ከአዲሱ ዋጋ 40 በመቶ በላይ ሊጠየቅበት አይገባም። “ግማሽ ዋጋ ነው” ሲባል ርካሽ የሚመስለው በእርግጥ ተወዶ ነው። የበረዶ ጎማ ሲሆን ወይም ዓመቱ ሲገፋ ደግሞ ከዚህም እየተቀነሰ ይሄዳል።

ለነጋዴውና ለደላላው

የጎማ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ለገዥ መናገር ገበያ መዝጋት አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው የሚለው። ከመርካቶ ጎማ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ መልካም ዕቃ አምጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ የሚጎዳው ከእሱ ጎን በጅምላ “የክረምት ጎማ” እየተባለ በሚሸጠው ዕቃ ነው። ገዥው መለየት ካልቻለ ለመልካሙ ተጨማሪ ብር አይከፍልም። የተሠራበትን ወር በእኛ አቆጣጠር ለውጦ፣ የቀረውን ጥርስ በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ የበረዶ ከሆነም የበረዶ ነው ብሎ በወረቀት ጽፎ የሚለጥፍ ሱቅ ወጪው አንድ ብዕርና አንድ መለኪያ ነው። ደንበኛው ግን በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ድርጅት ያላቸው ባለሀብቶችም፣ ለሠራተኞች ሰርቪስ ወይም ለጭነት ብዙ መኪና የሚያሰማሩ ሁሉ፣ የግዥ ሠራተኛቸው የሚያመጣውን የዋጋ ማቅረቢያ በአንድ ጎማ ዋጋ ሳይሆን በኪሎ ሜትር ዋጋ እንዲያወዳድር ቢያዙ ልዩነቱን በዓመቱ ሂሳብ መዝጊያ ያዩታል።

ገዥው ደግሞ ጎማ ቤት ሲደርስ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ተራራው አለበት ወይ? አራቱ አሃዞች ስንት ይላሉ፣ በእኛ አቆጣጠርስ ስንት ይሆናሉ? ስንት ሚሊ ሜትር ቀርቶታል? ደላላው “ጋሼ፣ የክረምት ነው” ሲለውም “እሺ፣ የስዊድን ነው የሀዋሳ?” ብሎ ይጠይቀው። መልሱ የስዊድን ከሆነ፣ ጎማው ጥፋት የለበትም፤ አገሩን ብቻ ስቷል።